ሁለት ያርድ ወደ ፈረንሳይ

ክሊፎርድ ሃውዶን ስለ እግሮቹ የሚያወራው በውርስ እንደተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች አድርጎ ነው። ግራው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ቀኙ ደግሞ «እሱ ካልሠራ እኔን ምን አገባኝ» ይላል፤ ክሊፍ መካከላቸው ቆሞ በሁለት ከዘራ ያስታርቃቸዋል። መንደራቸው ብራንሾፕ ውስጥ ይህን ቀልድ ያልሰማ ሰው የለም። ፖስታ የምታድለዋ ሴት ሰምታዋለች፣ ሥጋ ሻጩ ሰምቶታል፣ አዲሱ ቄስ በመጡ በሁለተኛው ቀን ሰምተውታል። ክሊፍ ሰው ሊያዝንለት አፉን ሲከፍት ቀድሞ የሚስቅ ሰው ነው።

ቡናማው ፖስታ የመጣ ዕለትም እንዲሁ ሆነ። ደብዳቤውን ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ለሚስቱ ለሊኔት አነበበላት። ሃያ ምናምን ዓመት ሲቀበለው የኖረው የአካል ጉዳተኞች መተዳደሪያ አበል ሊቆም ነው። በምትኩ «የግል ነጻነት ክፍያ» የሚባል አዲስ ነገር መጥቷል። ወደዚያ መሻገር የፈለገ ሰው እንደ አዲስ ቅጽ ሞልቶ፣ ተመርምሮ፣ ነጥብ ተሰጥቶት ነው።

«መንግሥት ነጻ ሊያወጣኝ ነው» አለ ክሊፍ።

«ከምን?» አለች ሊኔት፣ ድንች እየላጠች።

«ከመኪናዋ ይመስለኛል።»

ሊኔት ቢላዋዋን አስቀመጠች። ቀልዱ እዚህ ላይ እውነት ነበረበት። ደጃፉ ላይ የቆመችው አረንጓዴ መኪና የእነሱ አይደለችም፤ ከአበሉ ውስጥ ለመንቀሳቀሻ የተመደበው ድርሻ ለእሷ ኪራይ ይሄዳል። በአዲሱ ሚዛን ክሊፍ ከፍተኛውን ደረጃ ካላገኘ መጥተው ይወስዷታል። ወደ ብራንሾፕ ይመጣ የነበረው አውቶቡስ ከቀረ አራት ዓመቱ ነው። መኪናዋ ከሄደች የክሊፍ ዓለም ከፊት በር እስከ ጓሮ አጥር ትሆናለች። ከዚህም የሚብሰው፣ ዓርብ ዓርብ የውድድር ርግቦቹን ዳገቱን አውጥቶ ወደ ርግብ ማኅበሩ የሚያደርስለት አይኖርም። ወደ ውድድር የማትሄድ የውድድር ርግብ ደግሞ፣ እሱ እንደሚለው፣ ልክ እንደ እሱ በቆሎ ፈጂ ናት።

አሮጌውን አበል ያገኘበት ደብዳቤ አሁንም ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር መሳቢያ ውስጥ አለ። «ዕድሜ ልክ» ይላል። «ሌላው ሰው ገድሎ የሚያገኘውን» ይል ነበር ክሊፍ፣ «እኔ ድንጋይ ወድቆብኝ አገኘሁት።»

ድንጋዩ የወደቀበት በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ከአባቱ ጋር ወደ ድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ ወረደ፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቆፈረ፤ አንድ ሐሙስ ጧት፣ ዕረፍት ሊወጡ ሩብ ሰዓት ሲቀራቸው፣ ጣሪያው ላላ። እሱ ይህንንም በራሱ መንገድ ነው የሚያወራው፦ «ያ ድንጋይ ሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት እዚያ ተሰቅሎ ጠበቀ። ስንት ሰው ከሥሩ አለፈ። እኔ ሻይ ልጠጣ ዞር ስል ወደቀ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት አይቼ አላውቅም።» ጀርባውና ዳሌው ተሰባብረው ተገጠሙ። ከሰባት ዓመት በኋላ ጉድጓዱ ራሱ ተዘጋ፤ ክሊፍም «ያለ እኔ አልሆነላቸውም» አለ።

የቀሩለት ርግቦቹ ናቸው።

የርግብ ነገር እንዲህ ነው። ዓርብ ምሽት የየሰዉ ርግብ እግሯ ላይ የጎማ ቀለበት ተደርጎላት በቅርጫት ትሰበሰባለች፤ ትልቅ መኪና ጭኖ ባሕሩን አሻግሮ ፈረንሳይ ያደርሳቸዋል፤ ቅዳሜ ማለዳ በሩ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማንም በቅጡ አያውቅም። በእጅ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ወፍ፣ ልቧ ከለውዝ ፍሬ ብዙ የማይበልጥ፣ ያላየችውን አገርና ባሕር አቋርጣ፣ ከሺህ ጭስ ማውጫ መካከል የራሷን ቤት ጭስ ማውጫ ለይታ ትወርዳለች። ክሊፍ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን አይቷል። አንዷ ክንፏን አጥፋ ከሰማይ ስትወድቅ ግን አሁንም አፉ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ብቻ አይቀልድም።

ታዲያ የሁሉም ሰው የርግብ ቤት ከፈረንሳይ እኩል አይርቅም። ስለዚህ ቀድማ የገባች ሁሉ አታሸንፍም። ከተለቀቁበት ቦታ እስከ እያንዳንዱ የርግብ ቤት ያለው ርቀት ከሜትር ጥቂት በምታንሰው በያርድ፣ እስከ መጨረሻዋ ያርድ ይለካል፤ ለፈጀባት ደቂቃ ይካፈላል፤ በደቂቃ ብዙ ያርድ የበረረችው ዋንጫውን ትወስዳለች። እዚያ አገር ሚስቱን የዋሸ ሰው ይቅርታ ያገኛል፤ ያርድ የዋሸ ግን ማኅበሩ ውስጥ አብሮት ቢራ የሚጠጣ የለም። የክሊፍ አባት አንድ ዓመት ትልቁን ዋንጫ ከወሰዱ በኋላ አጥራቸውን ሲያድሱ የርግብ ቤታቸው ርቀት በስሕተት ዐሥራ አንድ ያርድ በልጦ መመዝገቡን ደረሱበት። ማንም አልጠየቃቸውም። ዋንጫውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሁለተኛ ለወጣው ሰው ወስደው ሰጡት። ሰውዬው ግን እስኪሞት ድረስ ቂም ያዘባቸው፤ ስለ ሽንፈቱ ለሁሉም አልቅሶ ጨርሶ ነበርና።

ክሊፍ በዚህ አባት ቤት ነው ያደገው። ቅጹን ሊሞላ ሲቀመጥ ሊኔት ለሁለት ቀን እኅቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። አጠገቡ የነበረው ትሬቨር ኮልትማን ነው፦ የድሮ የጉድጓድ ባልደረባው፣ የርግብ ማኅበሩ ጸሐፊ፣ ለሌላ ሰው ችግር ሁልጊዜ መፍትሔ የማያጣ።

«ምን ያህል ርቀት መራመድ ይችላሉ ይላል» አለ ክሊፍ።

«ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ከሃያ ሜትር በታች የምትለዋ ላይ ምልክት አድርግና ሻይ አፍላ።»

«ከሃያ በታች መሆኑን በምን አወቅህ?»

«አንተን በማየት!»

«ማየት መለኪያ ነው? አንተ ጸሐፊ አይደለህ እንዴ፤ ርግብ በግምት ትመዘግባለህ?»

«ርግብ መኪና አትነጠቅም፣ አንተ ሰውዬ!»

«በል ሜትሩን አምጣ።»

የማኅበሩን ረጅም ሜትር አመጡ። ክሊፍ ዜሮዋን ይዞ የወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ፤ «ለእኔ የምትስማማኝ ጫፍ እቺ ናት» አለ። ትሬቨር ሜትሩን እየጎተተ በጓሮው ሄዶ የርግብ ቤቱ በር ላይ አጎነበሰ።

«ሃያ ሦስት ያርድ!» ብሎ ጮኸ። «ድፍን!»

ክሊፍ በእርሳስ አሰላ። ሃያ አንድ ሜትር ከሦስት ሳንቲ ሜትር። ጧት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ እየሄደ ርግቦቹን ያበላል፤ ስለዚህ ሃያ አንድ ሜትር ከሦስት ሳንቲ ሜትር ይራመዳል ማለት ነው። ከሃያ እስከ ሃምሳ በምትለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ፤ አጠገቧም ልኩን ጻፈ።

«ኧረ ሦስቷን ሳንቲ ሜትር እንኳ ተዋት!» አለ ትሬቨር።

«ሦስቷ ምን በደለች?»

ከሥር ቅጹ ሰፊ ባዶ ቦታ ትቶ «እንዴት እንደሚራመዱ ይግለጹ» ይል ነበር። ክሊፍ «በሁለት ከዘራ» ብሎ ጻፈና የቀረውን ቦታ ለመንግሥት መለሰለት። ፖስታውን ትሬቨር በዚያው ዕለት፣ እያጉረመረመ፣ ሳጥን ውስጥ ከተተው።

ሊኔት ስትመለስ ክሊፍ ሥራውን በኩራት ነገራት። እሷ ኮቷን ሳታወልቅ ቆመች። እኅቷ ቤት ስለ አዲሱ ክፍያ የሚያስረዳ ወረቀት አንብባ ነበር።

«ስንት ብለህ ጻፍክ?»

«ሃያ አንድ ከሦስት።»

«ክሊፍ፣ ድንበሩ ሃያ ነው! ከሃያ በታች መኪና ነው፤ ከሃያ በላይ አውቶቡስ ነው!»

«አውቶቡስ እኮ የለም።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ! በአንድ ሜትር መኪናዬን ሸጥካት!»

«ከሦስት ሳንቲ ሜትር» አለ ክሊፍ፤ ወዲያው ግን ዝም ማለት እንደነበረበት ገባው።

«ሰው ለራሱ ሲቆርስ አያሳንስም» አለች ሊኔት፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «አንተ ግን ትንሿን ቆርሰህ፣ እሷንም ለጎረቤት አጋምሰህ ነው የምትመጣው። መልሰህ ጻፍላቸው።»

«ምን ብዬ? ይቅርታ፣ ጓሮዬ ለካ አጭር ነው ብዬ?»

«ምን እንደምትል አላውቅም! እኔ የማውቀው ዳገቱን አዝዬህ እንደማልወጣ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚያ ቤት ሁለቱም ተገናኝተው ነበር፤ ክሊፍ ይህን ከማንም በፊት ለራሱ ተናገረ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ግን መኪናዋን በመስኮት ሲያያት ተገኘ። ገና ሳትሄድ ናፈቀችው። ዓርብ ማኅበሩ ቤት ደርሶ ቅርጫቶቹን ሲያወርዱለት እንኳ አንገቱን እያዞረ ያያት ነበር፣ የጎረምሳ ፍቅር እንደያዘው ሰው።

መፍትሔ ያመጣው ትሬቨር ነው። ለአዲሱ ክፍያ የምትመረምረው ሴት እነክሊፍ ቤት ድረስ የምትመጣበት ቀን ከተቆረጠ በኋላ፣ ቢራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣

«እውነቱን መቀየር ካልፈለግህ የርግብ ቤቱን እንቀይረው» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሁለት ያርድ ወደ ቤት እናስጠጋዋለን። ሃያ አንድ ያርድ ይሆናል። ያ በሜትር ስንት ነው?»

ክሊፍ አሰላ። «ዐሥራ ዘጠኝ ከሃያ።»

«እንግዲህ መጥታ ስትጠይቅህ እውነቱን ንገራት። አባትህም በመቃብራቸው አይገላበጡም።»

እሑድ ከማኅበሩ ስድስት ሰዎች መጡ። ዕድሜያቸው ቢደመር አራት መቶ ይሞላል፤ ከዐሥራ ሁለቱ ዳሌዎች ግን ከባለቤቶቻቸው ጋር የተወለዱት ዘጠኙ ብቻ ናቸው። የርግብ ቤቱ ሥር የብረት ቧንቧ አስገቡ፤ ገሚሱ ገፋ፣ ገሚሱ በገመድ ሳበ፣ አንዱ ወገቡን ይዞ መዝሙር ጀመረ። ርግቦቹ በሽቦው ውስጥ አንገታቸውን አዘንብለው ይመለከታሉ። ክሊፍ ከዘራውን እንደ ጄኔራል ዘርግቶ መካከል ላይ ቆሟል።

«ዞር በል ክሊፍ፣ መንገድ ዘጋህብን!»

«የእኔ ሥራ መሰናክል መሆን ነው» አለ። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

ሊኔት የአሳማ ሥጋ ያለበት ዳቦ በትሪ ይዛ ስትወጣ ቤቱ ሁለት ያርድ ተጉዞ፣ ትንሽ ጠሞ፣ ቆሞ ነበር። ትሬቨር ለካ። ሃያ አንድ ድፍን። ጨበጨቡ።

«አሁን ርቀታችንን ለሚመዘግበው ፌዴሬሽን ጻፍ» አለ ክሊፍ።

«ለማን?»

«ጓሮዬ ከቤቱ በስተ ሰሜን ነው፤ ፈረንሳይ ደግሞ በስተ ደቡብ። ወደ ቤት መጠጋት ማለት ወደ ፈረንሳይም መጠጋት ነው። በድሮው ልክ ከተወዳደርኩ ሁለት ያርድ ሰረቅኩ ማለት ነው።»

ትሬቨር ሰማዩን አየ፤ ከዚያ ሊኔትን አየ። «ይሄን ሰውዬ እንዴት ቻልሽው?»

«ማን ቻልኩት አለህ?»

ደብዳቤው ተጻፈ፤ ቅጂውም እስከ ዛሬ በማኅበሩ መዝገብ አለ፦ «የአቶ ክ. ሃውዶን የርግብ ቤት፣ ከአካል ጉዳት ክፍያ ጋር በተያያዘ ምክንያት፣ ሁለት ያርድ ወደ ፈረንሳይ ተጠግቷል።»

በማግሥቱ ጧት ርግቦቹ ለመብረር ወጡ። ጣሪያውን ሦስት ጊዜ ዞሩ፤ ክንፋቸው ብርሃኑን እየገለበጠው አንዴ ነጭ፣ አንዴ ግራጫ ሆኑ። ከዚያ ወረዱ፤ ግን ቤታቸው ላይ አይደለም። ድሮ መረፊያ ጣውላቸው በነበረበት ባዶ አየር ላይ፣ ልክ እዚያው፣ ሁለት ያርድ አልፈው ክንፋቸውን አርገብግበው ሊቆሙ ሞከሩ፤ የሚቆሙበት ሲጠፋ ሣሩ ላይ አረፉ። ግራ ተጋብተው ዙሪያቸውን አዩ። በመጨረሻ አንዷ ሴት ርግብ በእግሯ ጉዞ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከትለዋት፣ በሰልፍ፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ አዘገሙ። ክሊፍ በር ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከፈረንሳይ በክንፍ የሚመጡ ፍጥረቶች የመጨረሻዋን ሁለት ያርድ በእግር!

«እኔን መስለው ቁጭ» አለ።

መርማሪዋ ወይዘሪት ሃሊዌል ትባላለች፤ ድሮ ነርስ የነበረች፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የምትጽፍ ዝምተኛ ሴት። ሊኔት እንግዳዋ ከመምጣቷ በፊት ባሏን ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃዋለች፦ «እንዳትቀልድ። ሰማህ? አንዲት እንኳ!»

አምስት ደቂቃ ታገሠ።

«ግራ እግርዎን እስቲ ወደ ላይ ያንሡልኝ» አለች ወይዘሪት ሃሊዌል።

«ጡረታ የወጣውን? እህት ዓለም፣ እሱ ከሥራ ሰዓት ውጭ አይታዘዝም።»

ሊኔት ዓይኗን ጨፈነች። ሴትየዋ ፈገግ አለች፤ ጻፈች።

«ወድቀው ያውቃሉ?»

«ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ። አንደኛው ጥሩ ነበር፤ በጀርባዬ ተኝቼ ርግቦቹን ከታች በኩል ሳያቸው ዋልኩ። እነሱ ናቸው ቀድመው የሰለቻቸው።»

«ዋልኩ ሲሉ ምን ያህል ነው?»

«ሊኔት ከገበያ እስክትመለስ።»

ጻፈች። ከዚያ የቅጹን ቅጂ አወጣች። «እዚህ ላይ ሃያ አንድ ሜትር ከሦስት ሳንቲ ሜትር ብለዋል። ይህን ሥራ ስሠራ ሳንቲ ሜትር የጻፈልኝ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እሱ ተቀይሯል» አለ ክሊፍ። «አሁን ዐሥራ ዘጠኝ ከሃያ ነው።»

«ብሶብዎት ነው?»

«የለም፤ የርግብ ቤቱን አንቀሳቅሰነው ነው።»

ጣቶቿ ቆሙ። «የርግብ ቤቱን… አንቀሳቀሱት?»

«ሁለት ያርድ።»

«ለምን?»

«እንዳልዋሽሽ ነዋ።»

ወይዘሪት ሃሊዌል በመስኮቱ አሻግራ ጓሮውን አየች፤ ትንሽ የጠመመውን የእንጨት ቤት፣ ድሮ የነበረበትን ቢጫ የሣር ምልክት። ሊኔት አረንጓዴዋ መኪናቸው ከደጃፉ ስትወጣ የሰማች መሰላት።

«አቶ ሃውዶን» አለች መርማሪዋ ፊቷን ወደ ክሊፍ መልሳ፣ «እኔ እኮ ጓሮዎ ስንት ሜትር እንደሆነ አይደለም የምጠይቅዎት። የርግብ ቤቱን ወጥ ቤት ውስጥ ቢያስገቡት ለእኔ ለውጥ የለውም። እዚያ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎታል? መንገድ ላይ ይቆማሉ? ሲደርሱ ምን ይሆናሉ? ወዲያው ይመለሱ ቢባሉ ይችላሉ?»

ክሊፍ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ርቀትን ለደቂቃ ሲያካፍል የኖረ ሰው ነው። ደቂቃ የሌለው ያርድ ምንም እንዳይደለ ለልጅ ሳይቀር ሲያስተምር ኖሯል። ራሱን ሲለካ ግን ደቂቃው ትዝ አላለውም።

«ደቂቃውን… አላውቀውም» አለ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች ሊኔት።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

«ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ጧት ጧት በመስኮት አየዋለሁ። መጀመሪያ የውኃ በርሜሉ ጋ ይቆማል። ከዚያ የልብስ ማስጫው ምሰሶ ጋ፣ እዚያ ብዙ ይቆያል፤ ግንባሩን ምሰሶው ላይ ያስደግፋል። ከዚያ አጥሩ ጋ። ሲገባ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል፤ እግሮቹ እስኪመለሱ ሃያ ደቂቃ። ሻዩን የምጥደው ከባልዲው ሲነሣ ነው፤ እዚህ እስኪደርስ ይፈላና ይቀዘቅዛል፤ እንደገና አሞቀዋለሁ።»

«ምሰሶው ጋ ታይኛለሽ?» አለ ክሊፍ።

«ሃያ ምናምን ዓመት።»

«እዚያ ርግቦቹን የምቆጥር መስዬ ነበር የምቆመው።»

«አዎ፣ ትመስላለህ።»

ክሊፍ አንገቱን ደፋ፤ ግን አመል ነውና ማስላቱ አልቀረም። «ሃያ ሦስት ያርድ ለዐሥራ አንድ ደቂቃ…» አለ ቀስ ብሎ። «በደቂቃ ሁለት ያርድ ነው። የእኔ ርግቦች አንድ ሺህ አራት መቶ ይበራሉ። እህት ዓለም፣ በዚህ ፍጥነት ከፈረንሳይ ብነሣ የምደርሰው ለልጅ ልጄ ቀብር ነው። ደግሞም የልጅ ልጅ የለኝም፤ እስክደርስ ግን ጊዜ አለ።»

ወይዘሪት ሃሊዌል በዚህኛው ሳቀች፤ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ እጇን ኮምፒውተሩ ላይ መልሳ አስቀመጠች።

«ቀልድ የሚጻፍበት ሳጥን የለኝም፣ አቶ ሃውዶን። ስለዚህ የነገሩኝን ሁሉ ቀልዱን አውጥቼ ነው የምጽፈው። ቅር አይበልዎት።»

ክሊፍ ወደ መስኮቱ ዞረ። ምሰሶው ላይ የሊኔት ሽርጥ በነፋስ ይወዛወዛል።

«ጻፊው» አለ።

ስምንት ሳምንት አለፈ። በዚያ ዓመት ውድድር የክሊፍ ርግቦች የሚረባ ነገር አላደረጉም፤ ከፈረንሳይ መጥተው ሣሩ ላይ ቆመው ሲያስቡ ጊዜ ያባክኑ ነበር። ትሬቨር «ለአንተ እግር ብለን የርግቦችህን ጭንቅላት አዞርነው» አለው። ክሊፍ መኪናዋን ሁለቴ አሳጠባት፤ ሊወስዷት ሲመጡ ቆሻሻ ሆና እንዳያፍር። ሊኔት የእህልና የዘይቱን ከባድ ከባድ ዕቃ አስቀድማ ገዝታ ጓዳውን ሞላች።

ፖስታው በአንድ ዓርብ ረፋድ መጣ። ከበፊቱ ይወፍራል። ክሊፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በጣቱ ነካካ፤ ከዚያ በቅቤ ቢላዋ ከፈተው።

«ጮክ ብለህ አንብብ» አለች ሊኔት። ወንበሩን ተደግፋ ቆማለች።

እሱም የቀልድ ድምፁን አውጥቶ፣ እንደ ፓርላማ አፈ ጉባኤ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

«‹ከወጥ ቤት በር እስከ ጓሮ መጨረሻ ለመድረስ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅብዎታል። ሦስት ጊዜ ይቆማሉ። ሲደርሱ ለሃያ ደቂቃ መቆም አይችሉም።›» ቀና አለ። «ጥሩ ጸሐፊ ናት።»

«ቀጥል።»

«‹ግራ ካልሲዎን ራስዎ ማጥለቅ አይችሉም። ባለቤትዎ ታጠልቅልዎታለች። ጀርባዎን ታጥብልዎታለች። ደረጃ የሚወርዱት ተቀምጠው ነው።›» የአፈ ጉባኤው ድምፅ እየቀጠነ መጣ። «‹ባለፈው ክረምት ወድቀው፣ ባለቤትዎ እስክትመለስ ድረስ ለሁለት ሰዓት ያህል በረዶ ላይ ተኝተዋል። ሕመሙ በየቀኑ አለ። በምርመራው ወቅት ስለ ሕመሙ በቀጥታ ሲናገሩ አልተሰማም።›»

እዚህ ላይ ቆመ። የገጹን ግርጌ በዓይኑ ብቻ አነበበ፤ ከዚያ በራሱ ድምፅ፣

«‹ሃያ ሜትርን ደኅንነትዎ ተጠብቆ፣ ደጋግመው፣ በተገቢ ጊዜ ውስጥ መራመድ እንደማይችሉ ወስነናል›» አለ። «ከፍተኛው ነው። መኪናዋ ትቆያለች።»

ሊኔት የተደገፈችውን ወንበር ስባ ተቀመጠችበት።

«ለሦስት ዓመት» አለ ክሊፍ። «ከዚያ መጥተው ያዩኛል። ዕድሜ ልኬ ሦስት ዓመት ሆናለች፤ ድኜ ይሆናላ።»

ሊኔት አልሳቀችም። እሱም አልሳቀም። ወረቀቱን እንደገና ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰው፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ስለማያውቁት ሰው በጋዜጣ እንደሚነበብ ቀስ ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ስሙ ራስጌው ላይ ነበር። አድራሻው ልክ ነበር።

«ሊኔት» አለ፣ «ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እግዜር ይርዳው። ምስኪን። ኧረ በሉ፣ መኪና ስጡት።»

«ሰጥተውታል» አለች ሊኔት፤ መነጽሩን ከአፍንጫው ላይ ወስዳ በሽርጧ ጫፍ ትጠርገው ጀመር።